ፈቃደ እግዚአብሔርን ስለ መጠየቅ

ክርስቲያን የሆነ ሰው አንድ ነገር ለመቍረጥ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የፈጣሪውን ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባው የማያውቅ የለም። ልጁን ሲድር፥ ርስቱን ሲሸጥ፥ አገሩን ለቆ ሲሄድ፥ ክርክር ሲያነሣም ሲተውም እግዚአብሔር በነገሩ እንዲገባበት መለመን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ነው፤ ገበሬው እንኳ ዘሩን ከመበተኑ በፊት ማማተቡ ስለዚሁ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ይኸውም ሰው «ፈቃደ እግዚአብሔርን እጠይቃለሁ» ሲል በእውነት የሚጠይቀው ምን እንደ ሆነ ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በንስሐ አባትነት ጥቂት ዘመን የቈየ ካህን ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሳይሆን የራሳቸውን ፈቃድ የሚያጸናላቸው ምስክር ነው፤ ሌሎቹም የሚፈልጉት ፈቃዱን ሳይሆን የነገን ወሬ ነው። ሁለቱም በጸሎት ቃል ስለሚናገሩ ከእውነተኛው ጠያቂ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ይልቁንም እነርሱ ራሳቸው ራሳቸውን ለመለየት ይቸገራሉ።

ይህንን አጕልቶ የሚያሳየን በትንቢተ ኤርምያስ የተጻፈው ታሪክ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ፥ ቤተ መቅደሱን አቃጥሎ፥ ሕዝቡን ከማረከ በኋላ፥ ድኾቹን ወይኑን እንዲያለሙና እርሻውን እንዲያርሱ በአገራቸው ተዋቸው፤ የአኪቃምንም ልጅ ጎዶልያስን ሾመላቸው። ከንጉሥ ዘር የሆነ እስማኤል የሚባል ሰው ግን በምጽጳ አብሮት እንጀራ በልቶ ሲያበቃ ጎዶልያስን ገደለው፤ በዚያ የነበሩትንም የከለዳውያን ወታደሮች ገደለ። የቀሩት ሰዎችና አለቃቸው ዮሐናን የባቢሎን ንጉሥ ስለ ሹሙ ደም ይበቀለናል ብለው ፈሩ። ስለዚህም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ግብፅ ለመሸሽ ተነሡ፤ በቤተ ልሔምም አጠገብ ሰፈሩ። ነቢዩን ኤርምያስን የጠየቁት ከዚህ ሰፈር ሆነው ነው። ከታናሽ እስከ ታላቅ ቀርበው፥ የሚሄዱበትን መንገድና የሚያደርጉትን ነገር እግዚአብሔር እንዲያሳያቸው ይጸልይላቸው ዘንድ ለመኑት። መልሱ ቢጥማቸውም ቢመራቸውም እንደሚታዘዙ እግዚአብሔርን ምስክር አድርገው ማሉ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ሰዎቹ ሐሰተኞች አልነበሩም። ሲምሉ የማሉት ከልባቸው ይመስለኛል፤ ያለቀሱም ነበሩ ብል አልሳሳትም። ነገር ግን የሰፈሩበትን ቦታ ተመልከት፤ ከምጽጳ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወርደው በግብፅ መንገድ ላይ ነው። ጭነቱ ተጭኗል፤ ሴቶችና ሕፃናት መንገድ ጀምረዋል። ልባቸው አስቀድሞ ግብፅ ገብቶ እግራቸው ብቻ ነበር በይሁዳ የቀረው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መንገድ አሳየኝ ሲል፥ የሄደበትን መንገድ ባርክልኝ ማለቱ ነው።

ነቢዩ እጸልያለሁ አለ፤ ቃሉም የመጣለት ከ10 ቀን በኋላ ነው። ይህን 10 ቀን እኛ ካህናት ልብ ልንለው ይገባናል። ኤርምያስ 40 ዓመት ያህል የሰበከው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከባቢሎን ቀንበር መሸሽ እንደማይጠቅምና ግብፅም መመኪያ እንደማትሆን ነው። ከራሱ አሳብ ሊመልስ ቢወድ ኖሮ በዚያው ማታ የሚናገረው አልጠፋውም፤ የተናገረውም ቃል በኋላ ከመጣለት ቃል ባልተለየ ነበር። እርሱ ግን የራሱን ዕውቀት የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ ላለመናገር ጠበቀ። ፈረሰኛ ይመጣብናል ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ 10 ቀን ዝም ማለት እንደ ምን ያስጨንቅ ይሆን!

መልሱ መጣ፤ በአገራችሁ ተቀመጡ፥ የባቢሎንን ንጉሥ አትፍሩ፥ ወደ ግብፅ ብትሄዱ ግን የሸሻችሁት ሰይፍና ረኃብ በዚያ ያገኛችኋል የሚል ነው። የማሉት ሰዎች ምን አሉ? እግዚአብሔርን አንሰማም አላሉም፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር እምብዛም የለም። ያሉት፥ ይህ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም፥ ጸሐፊህ ባሮክ ነው የመከረህ ነው። መሐላቸውን ሳያፈርሱ ከመሐላቸው ወጡ። በዚህ ፈንታ «ግብፅ ሂዱ» ቢላቸው ኖሮ የባሮክ ስም እንደማይነሣ ግልጥ ነው።

ይህ ታሪክ የዛሬም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው በአጥቢያችን በደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለን ከሽማግሎች ጋር መጣ፤ ነገሩ በሽማግሎች ፊት የተነገረ እንጂ በንስሐ የሰማሁት ስላልሆነ እጽፈዋለሁ። አባቱ ከመሞቱ በፊት ቤቱን ከእኅቱ ጋር እኩል እንዲካፈሉ በቃሉ ተናዝዟል፤ አባታቸውን እስከ ዕለተ ሞቱ ያስታመመችውም እኅቱ ናት። የቤቱ ወረቀት ግን በእርሱ ስም ነበር። ሽማግሎቹ ለምን አታካፍላትም ቢሉት ወደ እኔ ዞሮ፥ «አባቴ፥ ሦስት ቀን ሱባዔ ገብቼ እግዚአብሔርን ጠየቅሁት፤ ምንም አልከለከለኝም» አለ።

«ልጄ፥ ምን ብለህ ጠየቅኸው?» አልሁት።

«ቤቱን ለብቻዬ ብይዘው ፈቃድህ ነው ወይ ብዬ።»

«አባትህ የተናዘዘውን እያወቅህ?»

«አዎን አባቴ፤ ጽሕፈቱ ግን በእኔ ስም ነው።»

ሱባዔው እውነተኛ ሱባዔ ነበር፤ ውኃና ቆሎ ብቻ ቀምሷል፥ ሰግዷል፥ ዳዊት ደግሟል። ነገር ግን የጠየቀው እግዚአብሔር በሲና ተራራ የመለሰውን ነው። የባልንጀራን ገንዘብ መመኘትና የአባትን ቃል ማቃለል በዐሥርቱ ትእዛዛት ከተከለከለ በኋላ፥ ለእኔስ ትፈቅድልኛለህን ብሎ መጾም ፈቃድን መጠየቅ ሳይሆን ዳኛን ይግባኝ ማድከም ነው። የእግዚአብሔርንም ዝምታ እንደ ፈቃድ ቈጠረው። ዝም ያለው መልሱን ቀድሞ ስለ ሰጠ እንደ ሆነ አላሰበም። በለዓምም እንዲሁ አንድ ጊዜ አትሂድ ተብሎ ሳለ ብርና ወርቁ ሲበዛ ሁለተኛ ጠየቀ፤ ሂድ ተባለ፤ ሲሄድ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ ነደደ፥ መልአኩም ሰይፍ መዝዞ በመንገድ ቆመበት። ትእዛዝ ባለበት ላይ ምልክት መጠየቅ እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ሰውየው ቤቱን አላካፈለም፤ እኅቱ ዛሬም በኪራይ ቤት ትኖራለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ከጸሎት በፊት፥ ይህ ነገር ጥያቄ ነውን ብሎ መጠየቅ ያሻል። አብዛኛው ጭንቀታችን አለማወቅ አይደለም። ጌታ ባስተማረን ጸሎት የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲሆን እንለምናለን እንጂ እንዲነገረን አንለምንም፤ በጌቴሴማኒም ጌታችን ፈቃደ አብን ያውቅ ነበር፤ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪፈስስ የጸለየውም ያልታወቀውን ለማወቅ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌልም ትምህርቱ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ የሚያውቀው ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ሰው እንደ ሆነ ተጽፏል፤ እኛ ግን ዐውቀን ልናደርግ እንወዳለን፤ እርሱ የሚያስቀድመው ለማድረግ መውደድን ነው።

ስለ ምልክት ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰው መንገዱ ሲቀናለት «እግዚአብሔር ፈቅዶልኛል» ይላል፤ ሲሰናከልበት ደግሞ «አልፈቀደልኝም» ይላል። ይህን የሚል ሰው በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የሚሰማውን ታሪክ ቢያስተውል መልካም ነበር። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፤ እርሱ ወደ ተርሴስ ሊኰበልል ወደ ኢዮጴ ወረደ፤ በዚያም ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ። መርከቧ ተዘጋጅታለች፥ ቦታ አለ፥ የሚከፍለውም ዋጋ በእጁ ነበር። በእኛ አነጋገር ከዮናስ የበለጠ የቀናው ሰው የለም። ወደ መርከቧ ሆድ ገብቶ እንቅልፍ መተኛቱም ልቡ እንዳረፈ ያስመስላል፤ «ነገሩ ውስጤን ሰላም ሰጠው» የሚሉ ሰዎች ይህን እንቅልፍ ያስታውሱት። የተከፈተ በር ሁሉ እግዚአብሔር የከፈተው አይደለም፤ የሰላም ስሜትም ሁሉ የመንፈስ ቅዱስ ሰላም አይደለም።

ምልክት ጠይቆ ያልተነቀፈ ሰው የለምን ቢባል አለ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ በሄደ ጊዜ በውኃው ጕድጓድ አጠገብ ቆሞ ምልክት ለመነ። ነገር ግን ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ተመልከት። ቀይ ልብስ የለበሰችው፥ ወይም ወፍ በራስዋ ላይ የምታርፍባት ትሁን አላለም። ለእኔ ውኃ ስጪኝ ስላት ግመሎቼን ደግሞ ላጠጣልህ የምትለው ትሁን ነው ያለው። ግመሎቹ 10 ነበሩ፤ ሩቅ መንገድ የመጣ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። እንስራዋ 20 ሊትር ቢይዝ እንኳ፥ ግመሎቹ እንዲሁ ተጠምተው ቢሆን፥ ያች ልጅ 50 ጊዜ ያህል ወደ ምንጩ ወርዳ መውጣት ይኖርባታል፤ ይህንንም ለማታውቀው መንገደኛ፥ ሳይለምናት። እንግዲህ ሎሌው የጠየቀው ምልክት ቸርነት ነው፤ በአብርሃም ቤት የምትገባ ሴት ሊኖራት የሚገባውን ጠባይ ነው። ከዚያም በኋላ ምልክቱ ተፈጸመ ብሎ ይዟት አልሄደም፤ ወደ ቤተሰቧ ገብቶ ነገሩን ተናገረ፥ እነርሱም ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን ብለው ጠየቋት፤ እርስዋም እሄዳለሁ አለች። ምልክቱ የልጅቱን ፈቃድ አልሻረውም። ስለ ጌዴዎን የጠጕር ብዝት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እርሱ ትእዛዙን ከሰማ በኋላ ስለ ድካሙ ታገሡት እንጂ ሥራውን በብዝቱ አላወቀውም።

ወዲህ በእኛ አገር ጋብቻ እንዴት እንደሚቈረጥ እንይ። ወጣቶቹ ተዋውቀዋል፥ ጠባያቸው ተስማምቷል፥ ወላጆች ፈቅደዋል፥ ሽማግሌ ተልኳል። አንድ ሰው ግን ዐውደ ነገሥት ገልጦ የሁለቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር በፊደል ቍጥር ደምሮ፥ በ12 ገድፎ፥ ኮከባቸው አይገጥምም ይላል፤ ነገሩም ይፈርሳል። ርብቃ 50 ጊዜ ወደ ምንጭ የወረደችለት ምርመራ በአንድ ድምር ተሻረ ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግም ሟርትና ጥንቈላ የተከለከለውን ማንም የሚያውቀው ስለ ሆነ እርሱን አላትትም፤ የሚያሳዝነው ከቈጣሪዎቹ አንዳንዶቹ ከእኛው ጉባኤ ቤት ወጥተው ጥምጥም የጠመጠሙ መሆናቸው ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስለ ለመድን ይሆን፥ በሆነው ነገር ሁሉ ሥር የተሰወረ ወርቅ ካላገኘን የማንረካ አለን። ዝናብ ቢዘንብ ምስጢር፥ በሬ ቢሰናከል ምስጢር። የዓለሙ ፈጣሪ ግን የልጆቹን ሕይወት ለእንቈቅልሽ ፈቺ አልሰጠም።

ዕጣስ ቢባል፥ ዕጣ በቅዱሳት መጻሕፍት የከበረ ነው። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። ነገር ግን ዕጣው ከመውደቁ በፊት ምን እንደ ተደረገ ማየት ያስፈልጋል፤ ጴጥሮስ ተነሥቶ ለሐዋርያነት የሚበቃው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት ድረስ ከጌታ ጋር የነበረ ሰው እንዲሆን ተናገረ፤ በዚህም ሚዛን ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ጸለዩ፤ ዕጣ የተጣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በግብፅ ያለችው እኅት ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዐት ይዛ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ቄርሎስ ስድስተኛን፥ በ1964 ዓ.ም. አቡነ ሺኖዳ ሦስተኛን መርጣበታለች። ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በካይሮ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ዐይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን አወጣ፤ አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊም ፓትርያርክ ሆኑ። ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሰው ለሕፃን እጅ የተተወ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕጩዎቹ አስቀድመው ተመርምረዋል፥ ከ2000 በላይ መራጮች ድምፅ ሰጥተው ወደ ሦስት አውርደዋቸዋል፥ ምእመናኑም ጾመዋል። ከሦስቱ ማናቸውም ቢወጣ ለመንበሩ የሚበቃ ነው ተብሎ ነበር። ሰው ሊለይ የሚችለውን ሁሉ ለይቶ ከጨረሰ በኋላ፥ ለወገን አድልዎ ቦታ እንዳይቀር የመጨረሻውን ለእግዚአብሔር አሳልፎ ሰጠ። ስንፍና ያለበት ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ሳይመረምር ይጀምራል።

ደግሞም መንፈስ ቅዱስ በበዓለ ኀምሳ ከወረደ በኋላ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናነብም። አሕዛብ ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚል ከማትያስ ምርጫ የሚበልጥ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ያደረጉት ጉባኤ ነው። ብዙ ክርክር ሆነ፤ ጴጥሮስ ተናገረ፥ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፥ ያዕቆብም ከነቢያት ጠቅሶ ቈረጠ። በደብዳቤያቸውም ውሳኔው የመንፈስ ቅዱስም የእነርሱም እንደ ሆነ ጻፉ። ሙት ያስነሡ ሰዎች እርስ በርሳቸው መከራከርን አልናቁም፤ መንፈስ ቅዱስም በክርክራቸው ውስጥ መሥራትን አልናቀም።

ምክር መናቅ የት እንደሚያደርስ ዮሐንስ ካስያን በ5ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ከጻፈው የግብፅ መነኰሳት ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሄሮን የሚባል መነኵሴ 50 ዓመት በበረሓ ተጋደለ። ጾሙን እንዳያጐድል ብሎ በፋሲካ ቀን እንኳ ከወንድሞች ማዕድ አይቀርብም ነበር። ሰይጣንም የብርሃን መልአክ መስሎ ታየው፤ ከትሩፋትህ የተነሣ ክፉ አያገኝህም ብሎት ራሱን ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ወረወረ። ወንድሞች በጭንቅ አወጡት፤ በሦስተኛውም ቀን ሞተ። ከሞቱ ይልቅ የሚያስፈራው እስከ መጨረሻው መታለሉን አለማመኑ ነው። 50 ዓመት ሙሉ ማንንም ስላልጠየቀ በመጨረሻ ሰዓት ማንም ሊያስረዳው አልቻለም። አባ ሙሴ ይህን ታሪክ የተናገረው የምግባራት ሁሉ ጠባቂ አስተዋይነት መሆኗንና አስተዋይነትም አሳብን ለአባቶች ከመግለጥ የምትወለድ መሆኗን ለማስተማር ነው።

ይህን ስል ግን ምክር ሰጪው ሌላ ወጥመድ እንዳለበት አልዘነጋም፤ ወጥመዱም ለእኛ ለካህናት ነው። የንስሐ ልጅ መጥቶ «አባቴ፥ እርስዎ ይቍረጡልኝ፤ እርስዎ ያሉኝን እግዚአብሔር እንዳለኝ እቈጥረዋለሁ» ሲል የማይጣፍጠው ካህን ጥቂት ነው። ዛሬ በቴሌቪዥንና በስልክ ሳይቀር የሰውን ስም እየጠሩ እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል የሚሉ ሰዎችን እንነቅፋለን፤ መንቀፋችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛም የራሳችንን ግምት በመስቀል አስደግፈን ስንናገር ከእነርሱ በምን እንለያለን? ቃለ እግዚአብሔር ያለበትን በቃለ እግዚአብሔር፥ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ያለበትን በሥርዐት እንናገር፤ ከዚያ የቀረውን «ልጄ፥ ይህ የእኔ ምክር ነው፤ ሰው ነኝና ልሳሳት እችላለሁ» ብለን እንናገር። ይህ የክህነትን ሥልጣን የሚያሳንስ የሚመስለው ሰው የኤርምያስን 10 ቀን ያስብ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ትእዛዝ ያለበት ግልጥ ነው፤ ክፉና መልካም የተለየበትም በምክር ይገለጣል። ሁለቱም መልካም ሲሆኑስ? አንድ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት ወይም መመንኰስ አለበት፤ ከተካነ በኋላ ማግባት አይቻልምና። ጋብቻ ቅዱስ ነው፤ ምንኵስና ቅዱስ ነው። ሕግ ይህን ያዝዘኛል እንዳይል ሕግ ሁለቱንም ትቶለታል። አባቶች ቢመክሩት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሉታል። ዲያቆኑም «እግዚአብሔር በሕልም እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ» ብሎ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ከተሳሳትሁ ከፈቃዱ እወጣለሁ ብሎ ይፈራልና።

ለእንዲህ ያለው ሰው የመክሊቱን ምሳሌ አስታውሰዋለሁ። ጌታው ለሎሌዎቹ ገንዘቡን ሰጥቶ ሄደ፤ ጨው ነግዱ፥ ከብት ነግዱ ብሎ አልዘረዘረላቸውም። አምስት የተቀበለውና ሁለት የተቀበለው በምን እንደ ነገዱ ወንጌል አይናገርም፤ ጌታቸውም ሲመለስ ስለ ምርጫቸው አልጠየቃቸውም። የተነቀፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ጌታዬ ጨካኝ ነው ብሎ ፈርቶ መክሊቱን የቀበረው። ከሦስቱ ያልተሳሳተ ንግድ የነበረው እርሱ ነው፤ አልነገደምና። እግዚአብሔርን ሁለት መልካም መንገድ አሳይቶ አንዱን በስውር ወጥመድ ያደረገ አድርጎ የሚፈራ ዲያቆን፥ ጌታውን እንደዚያ ሎሌ ማሰቡ ነው። ነጻ ፈቃድ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ሰው ጌጥ ነው፤ ጌጡንም የሰጠው ራሱ መልሶ ሊወስደው አይሻም።

ዳዊት በኤፉድ እየጠየቀ መልስ ያገኝ አልነበረምን የሚል ሊቅ ይኖራል። ያገኝ ነበር። ካህኑ አብያታር ከኖብ እልቂት አምልጦ ኤፉዱን ይዞለት መጣ፤ ዳዊትም በቅዒላ ከተማ ሳለ ሳኦል ይመጣልን፥ የቅዒላ ሰዎችስ አሳልፈው ይሰጡኛልን ብሎ ጠየቀ። ይመጣል፥ ይሰጡሃል ተባለ። ያን ጊዜ ከ600 ያህል ሰዎቹ ጋር ከከተማዪቱ ወጣ፤ ሳኦልም አልመጣ፥ የቅዒላ ሰዎችም አሳልፈው አልሰጡት። እንግዲህ መልሱ ሐሰት ሆነን? አይደለም። እግዚአብሔር በቅዒላ የሚቀመጥ ዳዊት ምን እንደሚያገኘው ነገረው፤ መነሣቱን ግን ለዳዊት እግር ተወለት። ከኤፉዱ መልስ በኋላ እንኳ የሚቈርጥ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ታላቁ አባ እንጦንስን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ባለ ጠጋው ወጣት ያለውን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥ የታዘዘበት ወንጌል ሲነበብ ሰማ፤ ወጥቶም ርስቱን ሰጠ። ከዚህ የተነሣ ወንጌል በድንገት ገልጦ የመጀመሪያውን ቃል ለራሱ የሚወስድ ሰው እንጦንስን ምሳሌ ያደርጋል። ነገር ግን ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል እንጦንስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገድ ሐዋርያት ሁሉን ትተው እንደ ተከተሉ እያሰበ ነበር፤ ቃሉ የወደቀው በታረሰ እርሻ ላይ ነው። የሰማውም የዕለቱን ንባብ በጉባኤ መካከል ነው። ታናሽ እኅቱንም ሜዳ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት። ወደ በረሓም ወዲያው አልገባም፤ በአጠገቡ ባለ መንደር በብሕትውና የሚኖር አንድ ሽማግሌ አይቶ ከእርሱ መማር ጀመረ። ጥሪው በአንድ ሰዓት መጣ፤ አፈጻጸሙ ግን የእኅትን ኑሮና የሽማግሌን ምክር አላለፈም።

ከቈረጡ በኋላ ደግሞ የሚመጣ ፈተና አለ። ዲያቆኑ አገባ እንበል፤ ሚስቱ ታመመች፥ ኑሮው ጠበበ። ያን ጊዜ «መንኵሼ ቢሆን ኖሮ» ይላል። የመነኰሰውም ብቸኝነት ሲከብደው «አግብቼ ቢሆን ኖሮ» ይላል። ሁለቱም መከራውን አይተው ፈቃደ እግዚአብሔር በሌላው መንገድ ነበረች ብለው ይፈርዳሉ። ለዚህ የሐዋርያት ሥራ ምን እንደሚል ልጥቀስና ላብቃ። ጳውሎስ በእስያ እንዳይሰብክ መንፈስ ቅዱስ ከለከለው፤ ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፥ ደግሞም አልተፈቀደለትም። ሁለት ጊዜ መንገድ የተዘጋበት ሐዋርያ በጢሮአዳ ሌሊት ራእይ አየ፤ አንድ የመቄዶንያ ሰው ተሻግረህ እርዳን እያለ ሲለምነው። እርሱና ባልንጀሮቹም ነገሩን አገናዝበው እግዚአብሔር እንደ ጠራቸው ተረዱና ተሻገሩ።

ከዚህ የጠራ ምሪት የት ይገኛል? ነገር ግን ፊልጵስዩስ ሲደርሱ የሚቀበላቸው የመቄዶንያ ሰው አልነበረም። ጥቂት ቀን ከተቀመጡ በኋላ በሰንበት ወደ ወንዝ ዳር ወረዱ፤ ያገኙት ለጸሎት የተሰበሰቡ ሴቶችን ነው። ከእነርሱ መካከል ልቧ የተከፈተላት ልድያ የቀይ ሐር ሻጭ ናት፤ አገርዋም ትያጥሮን፥ ጳውሎስ እንዳይሰብክባት በተከለከለው በእስያ ያለች ከተማ ናት። ከዚያም ጳውሎስና ሲላስ ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደበደቡ፥ እግራቸውም በግንድ ተጠርቆ በውስጠኛው ወኅኒ ታሰሩ። በመንፈቀ ሌሊት ሲጸልዩና ሲዘምሩ እስረኞቹ ሰሟቸው። በዚያ ሌሊት ስለ ጢሮአዳው ራእይ እውነት ወይም ሐሰት መሆን ተነጋገሩ የሚል ቃል አልተጻፈም።